ጋሽ ፈገግ አጉልቶ ማየት ሲማር

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ከሚስቱና ከመታወቂያ ወረቀቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ፈገግ ነው የሚለው። ፎቶ አንሺ ነው። ካሜራውን ወደ ዓይኑ ከማስጠጋቱ በፊት «እስቲ ፈገግ!» ይላል። በዚህ ብቻ ፊቱ የሚፈታ ደንበኛ አለ። ፊቱን ኮስተር አድርጎ የሚቀመጠውን ደግሞ «ወንድሜ፣ ፎቶ እኮ ነው፤ ጥርስ ልነቅልህ አይደለም!» ይለዋል። ሰውየው ሳይወድ በግዱ ይስቃል። ጋሽ ፈገግ ግን በዚያ ሳቅ ላይ አያነሳም። ሳቁ አልቆ ፊት ወደ ቦታው ሲመለስ በመሃል አንዲት ለስለስ ያለች ቅጽበት አለች፤ እሷን ነው የሚጠብቃት።

ፎቶ ቤቱ በመድኃኒት ቤትና በጫማ ሰሪ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት ባንኮኒ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ዱካና ሁለት መብራቶች፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ኮምፒውተርና ማተሚያ አሉ። ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ነው፤ ቶሎ ተነስቶ ቶሎ መሄድ ይፈልጋል። ጋሽ ፈገግ የሚወደው ግን የድሮ ፎቶ ማደስ ነው። የተቀደደ፣ የተጣጠፈ፣ ውሃ የገባበት ፎቶ ሲመጣለት ምሳውን ረስቶ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ይውላል።

ሚስቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ታስተምራለች። ቤት ውስጥም «መምህርት» እያለ ነው የሚጠራት። በስሟ የሚጠራት ሲቀየማት ብቻ ስለሆነ፣ ስሟን በሰማች ቁጥር «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ትለዋለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች፤ ማታ ማታ ትደውላለች።

ነገሩ ሲጀምር ሌንሱ የቆሸሸ ነበር የመሰለው። በሚያነሳው ሰው ፊት መሃል ላይ የአውራ ጣት አሻራ የመሰለ ጭጋግ ያያል። ሌንሱን ይጠርጋል፣ መነጽሩን ይጠርጋል፤ ጭጋጉ ግን ካሜራውን ካወረደ በኋላም አብሮት ይመጣል። ቀጥሎ የፎቶ ቤቱ በር ቋሚ መሃል ላይ ጎበጥ አለበት። አናጢ ሊጠራ ካሰበ በኋላ፣ የመድኃኒት ቤቱም በር፣ የመንገድ መብራቱም ምሰሶ እንደዚያው ጎብጠው ሲያይ ግን የተበላሸው በሩ እንዳልሆነ ገባው።

የዓይን ሐኪሙ ብዙ አላንዛዛበትም። «ጥርት አድርጎ የሚያየው የዓይንዎ መሃል ነው የተጎዳው። ዳር ዳሩ ይቆይልዎታል። ጨርሶ አይጨልምብዎትም፤ ነገር ግን መነጽር የሚመልሰው አይደለም። እየተመላለሱ መታየት አለብዎት» አለው።

ቤት ሲገባ መምህርት «ምን አለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«መነጽር እንድቀይር ነው የነገረኝ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ለምን እንደዋሸ ራሱም በደንብ አያውቀውም። ቃሉ ከአፉ ከወጣ እውነት የሚሆንበት፣ ዝም ካለ ግን ባለበት የሚቆምለት መስሎት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ መደበቅን ሙያ አደረገው። ሰው ወደ ፎቶ ቤቱ ሲገባ ማን እንደሆነ አይለይም፤ ስለዚህ «ኧረ ሰላም ነው? ጠፋህ እኮ!» ብሎ ይቀድምና መላሹን በድምፁ ያውቀዋል። መንገድ ላይ ያላየው ወዳጁ ሲቀየመው «በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ነው» ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሠራ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ሰው ሲመጣ ቀና ብሎ ወገቡን ያሻል፣ የደከመው ለመምሰል።

ዘዴው የከሸፈበት በሁለት ወንድማማቾች ነው። ለጉዞ ሰነድ ጉርድ ፎቶ ተነስተው ነበር። ጋሽ ፈገግ ፎቶዎቹን ቆርጦ ፖስታ ውስጥ ሲከት የታላቁን ለታናሹ፣ የታናሹን ለታላቁ አደረገው። እነሱም ፖስታቸውን ሳይከፍቱ ይዘው ሄዱ። ታላቁ ቢሮ ደርሶ ሰው ፊት አፍሮ ተመለሰና ባንኮኒውን በጡጫ መታው።

«ሰውዬ፣ ዓይን የለህም እንዴ?»

ሲናደድ ማንም የሚለው ነገር ነው። ጋሽ ፈገግ ግን የእውነቱን የተጠየቀ መሰለው። ይቅርታ ጠይቆ፣ አስተካክሎ አትሞ፣ ሰውየውን ከሸኘ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ሥራውን ሲሠራ በኖረባቸው ዓመታት ያንን ዱካ ለሌላ ሰው ሲያስተካክል እንጂ ራሱ ተቀምጦበት አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚመጣው ሁሉ «ማሽን ተበላሽቷል» ማለት ጀመረ።

አንድ ጧት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ጥቁር መነጽር የሰካች ሴት ገባች። በሰፈሩ የታወቀች ጠበቃ ናት። ቆዳዋም ፀጉሯም ሲፈጥራት ጀምሮ ነጭ ነው፤ ፀሐይ ስለማይስማማት ያለ ባርኔጣ አትወጣም። ጉርድ ፎቶ ፈልጋ ነበር።

«ማሽን ተበላሽቷል፣ እህቴ።»

«የትኛው ማሽን?»

«ማተሚያው ነዋ።»

ማተሚያው ይህን የሰማ ይመስል፣ ጥጉ ላይ አንዴ ተንቋቋና የቀረውን ወረቀት ጎትቶ ተፋ። ቅድም ለሙከራ ያዘዘው ነበር።

«ታዲያ ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» አለች ጠበቃዋ።

መግቢያ ቀዳዳ ጠፋው። መጋረጃውን ገልጦ አስቀመጣት፣ መብራቱን ለዓይኗ እንዲስማማ ዝቅ አደረገው፣ አነሳት። ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቶ ሊቆርጠው ሲጎነበስ ግን ከጀርባው መጥታ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ሲያዩ ለምንድን ነው አንገትዎን ወደ ጎን ዘንበል የሚያደርጉት?»

«ልማድ ነው።»

«እኔም እንዲህ ዓይነት ልማድ አለኝ» አለች ቀስ ብላ። «መሃሉ ሲጠፋብዎ በዳር እየፈለጉት ነው፤ አይደል?»

«ኧረ ዓይኔን ግንባር ያርገው! ደህና አድርጌ ነው የማየው!»

ጠበቃዋ ከት ብላ ሳቀች። «በእሱስ አይማሉ! ያለችዎትን ይያዟት እንጂ!»

ጋሽ ፈገግም ሳያስበው አብሯት ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ። እሷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ነገርን አጥርቼ አይቼ አላውቅም» አለችው። «ልጅ ሳለሁ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አይታየኝም፤ ያየሁ ለመምሰል ግን ሰሌዳ ሰሌዳውን እያየሁ ከጎኔ የተቀመጠችውን ልጅ ነበር የምገለብጠው። እሷ ስትሳሳት እኔም እሳሳት ነበር። ስለዚህ ጋሼ፣ በመደበቅ እንኳ አይችሉኝም። አሁን ኪቦርዱ ላይ የመስኮት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይያዙና የመደመር ምልክቷን ይምቷት።»

በጣቱ ዳብሶ አገኛትና መታት። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ፊቱ ዘሎ መጣ። ደግሞ መታት። የፎቶው ዳርቻ ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፋ፤ የቀረው አንድ ቆዳ ብቻ ሆነ፣ እንደ ሜዳ የተዘረጋ።

«ይሄ ምንሽ ነው?»

«አገጬ መሰለኝ። ማውዙን ወደ ግራ ይውሰዱት። ጠባሳዬን አዩዋት?»

አንገቱን ዘንበል አደረገ። አያት። ቀጭን፣ ጠመም ያለች፣ ልጅ ሆና ወድቃ ያመጣቻት መሆን አለባት። ለብዙ ጊዜ የሰውን ፊት ከነዝርዝሩ አላየም ነበር፤ እዚያች ጠባሳ ላይ ቆመ፣ መሄድም አልፈለገ።

«ይሄ ነገር ድሮም እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር?»

«ድሮም ነበር። ካልጠሩት አይመጣም እንጂ።»

ስልኩንም ተቀበለችው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ተደራሽነት የሚለውን ከፈተች፣ ማጉያውን አበራችለት፣ ከዚያ እጁን ይዛ አሳየችው፤ ስክሪኑን በአንድ ጣት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መታ ማድረግ፣ በሁለት ጣት እየገፉ መሄድ፣ መልሶ ሦስት ጊዜ መትቶ መውጣት። የማውዙንም ቀስት ትልቅና ቢጫ አደረገችለት። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«ቤተሰብዎ ያውቃሉ?»

«አይ።»

ባርኔጣዋን አስተካክላ ሄደች።

ጋሽ ፈገግ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ይቀለኛል ብሎ ነበር። አልቀለለውም። ሲያጎላው የት እንዳለ ይጠፋዋል። ሰፊ አዳራሽ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው፣ ጆሮ ያገኝና የማን ጆሮ እንደሆነ አያውቅም። ማውዙን ትንሽ ነካ ሲያደርገው ስክሪኑ እንደ ጎርፍ ይሄዳል፤ ያቅለሸልሸዋል፣ ራሱን ያመዋል። አንድ ቀን እጅ ሰጥቶ ጠበቃዋ ዘንድ ደወለ።

«ጠፋሁ!»

«የት ነዎት ጋሼ? መንገድ ላይ ነዎት?»

«የምን መንገድ! ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የጠፋሁት! አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ላይ ነኝ።»

«ምን ዓይነት ጥቁር?»

አንገቱን ዘንበል አድርጎ መረመረው። «ፂም ነው መሰለኝ» አላት።

ስልኩ ውስጥ ሳቋ አልቆም አለ። ሳቋ ሲያባራላት መከረችው። «አይንከራተቱ። ሲጠፋብዎ የመቀነስ ምልክቷን ይምቱና ይውጡ፤ ሙሉውን ይዩ፤ ከዚያ የሚሠሩበትን ቦታ ይዘው መልሰው ይግቡ። እኔ የፍርድ ቤት ሰነድ የማነበው እንደሱ ነው። ቀስ ማለት ነውር የለውም።»

ቀስ አለ። ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ዓይኑ የጣለውን እጁ መልቀም ጀመረ። የአንድ ሰዓቱ ሥራ ግማሽ ቀን ቢፈጅበትም ሥራው የራሱ ሥራ ሆነ። «ማሽን ተበላሽቷል» ማለቱንም ሳይታወቀው ተወው።

አንድ ቀን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ቤት ውስጥ እጁን እየታጠበ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ጠራ። መምህርት ስልኩን በእጇ ያዘችው። የደወለችው ልጃቸው ነበረች፤ ስክሪኑ ላይ ግን የልጅቱ ስም አልነበረም፤ ከስሟ አንዲት ፊደል ብቻ ከዳር እስከ ዳር ሞልታው ተጋድማለች። መምህርት የምትጫነውን አጥታ ስትገላብጠው ጥሪው ቆመ።

«ስልክህ ላይ በር የሚያህል ፊደል ቆሟል» አለችው።

«ተበላሽቶብኝ ነው እ...» ጀመረና አቆመ። የተበላሸ ማሽን መቁጠር ሰልችቶታል። ውሃው እጁ ላይ እየፈሰሰ «አልተበላሸም» አለ። «የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ነገራት። ሐኪሙ ያለውን፣ የበሩን ቋሚ፣ የወንድማማቾቹን ፖስታ፣ ጠበቃዋን። ፊቱን ወደ መታጠቢያው እንዳዞረ ነው የነገራት። ሲጨርስ መምህርት እጇን በትከሻው በኩል አሳልፋ ቧንቧውን ዘጋችው።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም ባይሆን አብዛኛውን። የደረጃው ጠርዝ ላይ ነጭ ቀለም የቀባሁት ለምን መሰለህ?»

«ለጌጥ ነው ብለሽኝ የለ!»

«አንተስ መነጽር ነው ብለኸኝ የለ!»

ያን ጊዜ ብዙ ነገር ወለል አለለት። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀምራ «ውይ፣ አናጢው ጎረቤታችን መጣ፣ ሰማያዊ ኮቱን ግጥም አድርጎ!» እያለች የምትጮኸው ለካ ለእሱ ነው። እሱ ዕድሜ ወሬኛ አደረጋት ብሎ ነበር። ቤት ውስጥ ዕቃ ማዘዋወር የምትወድ ሴት ወንበር ካለበት ንቅንቅ ማድረግ ያቆመችውም ለእሱ ነው። መንገድ ላይ እንደ አዲስ ሙሽራ ክንዱን እየያዘች መሄድ የጀመረችውም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስክትነግረኝ ነዋ የምጠብቀው። ቀድሜህ ብናገር የቀማሁህ ይመስልሃል ብዬ ፈራሁ።» ድምጿ ተሰበረ። «ግን አሳቀቅከኝ። መንገድ በተሻገርክ ቁጥር ነፍሴ አብራህ ትሻገራለች።»

እንባዋን አላየውም፤ ሰማው። እርጥብ እጁን ዘርግቶ ጉንጯን አገኘና ጠረገላት፤ የእጁ ውሃ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ ባሰበት።

«ፊትሽን ካየሁ ቆየሁ» አላት። «ፀጉርሽን አያለሁ፣ ትከሻሽን አያለሁ። መሃሉን ነው ያጣሁት።»

«መሃሉ ላይ ያመለጠህ ነገር የለም። አርጅቻለሁ።»

«እስቲ እኔው ልፍረድ።» ስልኩን አንስቶ ካሜራውን ከፈተ፣ ስክሪኑን ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገ፣ ወደሷ አዞረው።

«ኧረ ተወኝ! ሽበቴን ልትቆጥር ነው?»

መጀመሪያ ያገኘው ቅንድቧን ነው። ከዚያ ዓይኗን፣ ገና ያልደረቀውን። ከዓይኗ ጥግ የሚነሱትን መስመሮች አንድ በአንድ ተከተላቸው፤ ጥቂቶቹን ያውቃቸዋል፣ የቀሩት እሱ ሳያይ የመጡ ናቸው። ደንበኞቹ ሁሉ እንዲያጠፋላቸው የሚለምኑት ዓይነት መስመር ነው። እሱ ግን እስከ ጉንጯ፣ ከጉንጯ እስከ ከንፈሯ ዳር ቀስ እያለ ወረደ፣ ወደኋላም ተመለሰ። መምህርት መጀመሪያ ተሽኮረመመች፤ ኋላ ግን ሳትንቀሳቀስ ቆመችለት። ስልኩ እንደገና ሲጠራ ሁለቱም ደነገጡ። ልጃቸው ነበረች። ለእሷም በዚያው ነገሯት፤ አልቅሳ ስታበቃ «ለእኔ ያልነገራችሁኝ ሌላስ ምን አለ?» ብላ ሁለቱንም ተቆጣቻቸው።

ከዚህ በኋላ ነው የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወደ ፎቶ ቤቱ የመጡት። ሚስታቸው ከሞተች ገና ዓመቷ ነው። ብቻዋን የተነሳችው ፎቶ የላትም፤ ያላቸው የዘመድ ሠርግ ላይ በሰው ብዛት መካከል የቆመችበት፣ ጠርዙ የተበላ አንድ ፎቶ ነው። ፊቷ ከጥፍር አይበልጥም።

«ከሰው መሃል አውጣልኝ፣ ልጄ» አሉት።

«አባባ፣ ዓይኔ ደካማ ነው» አላቸው። ይህን ለደንበኛ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። «እሠራዋለሁ፤ ግን እቆያለሁ።»

«ግድ የለም። እኔ የት እሄዳለሁ!»

ፎቶውን ስካን አድርጎ አጎላው። የሴትዮዋን ፊት እየቆረሰ ሠራው፤ ግንባሯ ላይ ያለፈውን ስንጥቅ ደፈነ፣ ጉንጯ ላይ ያረፈውን የሻገተ ነጥብ አነሳ። መምህርት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቡ እየተቀመጠች ሙሉውን ታይለታለች። «የግራ ጉንጯ ከቀኙ በለጠብህ» ትለዋለች፤ እሱ ገብቶ ያስተካክላል። ዓይኗ ጋ ሲደርስ ግን ቆም አለ። ሴትዮዋ ወደ ካሜራው አይደለም የምታየው። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ሲያይ እሷ ወደ ጎን፣ ወደ ፎቶው ዳር ነው የምትመለከተው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ አይሆንም ብሎ ዓይኗን ወደፊት ሊያዞረው ሞከረ፤ ወዲያው መልሶ አጠፋው። ሌላ ሴት ሆነችበት።

ሽማግሌው ሲመጡ ወንበር አቀረበላቸውና ጠየቃቸው። «አባባ፣ ያን ቀን እርስዎ የት ነበሩ? እዚህ ፎቶ ላይ የሉም።»

«እኔማ ፎቶ አልወድም። ግባ ግባ ቢሉኝ አሻፈረኝ ብዬ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። እሷም ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። በዚያ ተቀይማኝ ነው የኖረችው እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል።»

«ዛፉ በየት በኩል ነው?»

ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ፎቶው ቀኝ ዳር ቀሰሩ።

ጋሽ ፈገግ የመደመር ምልክቷን መታት፣ ደገማት። የሴትዮዋ ዓይኖች ስክሪኑን ሞሉት፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ዛፉ የሚያዩ ዓይኖች። ቀስ አድርጎ ወደ ከንፈሯ ወረደ። የከንፈሯ ዳር ላይ፣ ወረቀቱ ላይ ከቶ የማትታይ፣ ልትጀምር ያለች ፈገግታ ነበረች።

«ይህቺ የተቀየመች ሴት ናት?» አላቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ያኔ ‹ይሁንልህ› ብላኝ ነበር እንዴ...» አሉ፤ ለእሱ አልነበረም የተናገሩት። እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ሊነኩ አሉና ተዉት። «እንደዚሁ አትምልኝ። ዓይኗን እንዳትነካው።»

እንደዚያው አተመላቸው፤ ፎቶውን እቅፋቸው ውስጥ አስገብተው ሄዱ።

የጋሽ ፈገግ ዓይን እንደ ሐኪሙ አባባል ቀስ በቀስ ደከመ። ሠርግ ማንሳቱን ለሌላ ሰው ተወ። መንገድ ሲሻገር የመምህርትን ክንድ እሱ ራሱ ይፈልገዋል። ማጉያውንም ከጊዜ ጊዜ አንድ አንድ ደረጃ እየጨመረ ነው የሚሠራው። ባንኮኒው ላይ መምህርት በደማቅ ፊደል የጻፈችው «ሥራችን ጥሩ ነው፤ አትቸኩሉ» የሚል ማስታወቂያ አለ። ጠበቃዋ ዓይኑ የደከመ ሰው ባገኘች ቁጥር ወደ ፎቶ ቤቱ ትልካለች፤ ጋሽ ፈገግም ሥራውን አቁሞ ሦስቴ መምታቱን፣ ጠፍቶ መውጣቱን፣ መልሶ መግባቱን ያሳያል። መጀመሪያ የሚነግራቸው የፂሙን ታሪክ ነው።

አንድ ቅዳሜ መምህርት የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም ወረቀቱን ከፊቷ ስታርቅ፣ ስታቀርብ፣ እንደገና ስታርቅ ቆየች። እሱ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ እየሰማ እስክትነግረው ጠበቀ። በመጨረሻ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እስቲ ያንን ነገር ለእኔም አሳየኝ። ተማሪዎቼ ግን እንዳይሰሙ።»

ስልኳን ተቀብሎ አስተካከለላት፤ ካሜራውን ከፍቶ ወደ ፈተናው ወረቀት እንዳዞረ መለሰላት። «ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጊው።»

ጧ! ጧ! ጧ! አደረገችው።

«ቀስ በይ እንጂ! ስክሪን እኮ ነው፣ የጎረቤት በር አይደለም የምታንኳኪው!»

«አትቆጣኝ። መምህር ሲቆጣ ትምህርት አይገባኝም።»

ጋሽ ፈገግ ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ፣ ጣቷን ያዘ፣ አብሯት መታው። ስክሪኑ ላይ የአንድ ተማሪ ስም ግማሹ ተዘረጋ።

«የት ሄደ ቀሪው?» አለች መምህርት።

«አለ፣ አለ። በሁለት ጣትሽ ግፊው። ቀስ... እንደሱ። ጎበዝ!»